ፖሊስ ጣቢያ የገባ ሰውና የገባ ንብረት እንዴት ይጠበቃል?

ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ውስጥ የተያዘ ሰው እስከ መቼ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት? ብዙ ሰው «ሰኞ ጠዋት» ብሎ ይመልሳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ግን የሚለው 48 ሰዓት ነው፤ ቅዳሜና እሑድን አልቀነሰም፣ በዓልንም አልቀነሰም። ስለዚህ ጊዜው የሚያልቀው እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ከ48ቱ ሰዓት ውጭ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ።

ጣና ዳር ይህ የጉዞ ጊዜ ቀላል ነገር አይደለም። ደቅ ደሴት ላይ የተያዘ ሰው በጀልባ መሻገር አለበት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ሐይቁ ከተናወጠ ጀልባው ላይነሣ ይችላል፤ ከመሸ ደግሞ እጁ የታሰረ ሰው ጭኖ በጨለማ ውሃ ላይ መውጣት ለማንም አይበጅም። ይህ ሁሉ ተገቢ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ተጽፎ ከተገኘ። የተያዘበት ሰዓት፣ ጀልባው የተነሣበት ሰዓት፣ ወደብ የደረሰበት ሰዓት ካልሰፈረ ግን ዳኛው «ለምን ዘገየ?» ሲል መርማሪው የሚያሳየው ነገር የለውም። «ከደቅ የመጣ» የሚል አንድ መስመር ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ነበርን ለማለት አያበቃም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ጣቢያ ውስጥ ሰውን ከጉዳት፣ ማስረጃን ከመለወጥ፣ ፖሊሱንም ከሐሰት ክስ የሚጠብቀው፣ ነገሩ በተፈጸመበት ሰዓት፣ በፈጸመው ሰው እጅ ተጽፎ የተፈረመበት መስመር ነው። ዘብና ቁልፍ ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ። ከዚህ በታች ያለው ለፖሊስም፣ ሰው ታስሮበት ጣቢያ በር ላይ ለቆመ ዘመድም የሚጠቅም ነው።

ሰዓትና ቀን

መዝገብ ላይ «3 ሰዓት» ብቻ ብሎ መጻፍ ምንም እንዳለመጻፍ ነው። የጠዋት ነው የማታ? የ12 ሰዓት ልዩነት አንድን ሰው ወንጀሉ ከተፈጸመበት ቦታ ሊያወጣውም እዚያው ሊያቆመውም ይችላል። የከፋው ደግሞ ሌሊት ነው። በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ የስልክና የካሜራ ቀን ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይለወጣል። የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 2017 ውሎ አምሽቶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ ሱቅ ተሰበረ እንበል። ባለሱቁ «ጥር 11 ሌሊት» ብሎ ያስመዘግባል። የሱቁ ካሜራ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20፣ 02:00 ይላል፤ ይህም ጥር 12 ነው። ተከላካይ ጠበቃ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ቀኑ አይገጥምም» ማለቱ አይቀርም። መጀመሪያውኑ «ጥር 11 ለ12 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ክርክሩ አይነሣም ነበር።

የካሜራ ምስል ሲወሰድ መቅጃው የሚያሳየውን ሰዓት ከትክክለኛው ሰዓት ጋር ማስተያየትና ልዩነቱን እዚያው መጻፍ ያስፈልጋል፦ «ካሜራው 7 ደቂቃ ይቀድማል»። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የብዙ መቅጃዎች ሰዓት ይዛባል፤ በኋላ ባለቤቱ ካስተካከለው ልዩነቱን ማወቅ አይቻልም። መቅጃው ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ስለሚቀዳ፣ ምስሉን ለመውሰድ የደብዳቤ ልውውጥ እስኪያልቅ መጠበቅ ማስረጃውን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው። ቢያንስ ባለቤቱ እንዳይጠፋ ቀድቶ እንዲያስቀምጥ በዚያው ዕለት መንገር ይገባል።

ሰው ሲያዝ

መነሻው የፍርድ ቤት የመያዣ ትዕዛዝ ነው። ያለ ትዕዛዝ መያዝ የሚቻልባቸውን ሁኔታዎች የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይቶ አስቀምጧል። እጅ ከፍንጅ የተገኘ ሰው፣ ወንጀሉ ከ3 ወር የማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ያለ ትዕዛዝ ይያዛል። ከ1 ዓመት የማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ስለመፈጸሙ ወይም ሊፈጽም ስለመሆኑ በቂ ጥርጣሬ ያለበትን ሰውም ፖሊስ ያለ ትዕዛዝ ሊይዝ ይችላል። የሚይዘው ፖሊስ መጀመሪያ የሚያረጋግጠው የሰውየውን ማንነት ነው። የስም መመሳሰል ተራ ነገር በሆነበት አገር በአባት ስም ብቻ ሰው መያዝ ስሕተትን መጥራት ነው፤ የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ መታየት አለበት። ትዕዛዝ ካለ ይነበብለታል። ኃይል መጠቀም የሚቻለው ሁኔታው የሚጠይቀውን ያህል ብቻ ነው፤ እጁን የሰጠ ሰው ኃይል አይጠይቅም።

ከዚያ ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። ባሕር ዳር ውስጥ ሥራው በአማርኛ ቢሠራም አገውኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ሰው ሲመጣ አስተርጓሚ ግዴታ ነው። ያስተረጎመው ሰው ስምና ፊርማም ከቃሉ ሥር መኖር አለበት። ዝም የማለት መብት እንዳለውና የሚናገረው ሁሉ በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል የሚነገረው ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ነው። «መብቱ ተነግሮታል» የሚለው ቃል በታተመ ቅጽ ላይ አስቀድሞ ስላለ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይናገረው ይፈረምበታል፤ እንዲህ ያለ ፊርማ ችሎት ላይ ሁለት ጥያቄ አይቋቋምም።

ዕድሜውን የማያውቅ ወይም ልጅ የሚመስል ሰው ሲመጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ወዲያውኑ ቅርብ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት መወሰድ አለበት፤ ከአዋቂዎች ጋር አይታጎርም። የልደት ካርድ ከሌለ የጥምቀት ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ ያም ካልተገኘ የሐኪም የዕድሜ ግምት ይጠየቃል።

ዘመድ ጣቢያ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ምን አድርጎ ነው?» ብሎ ነው። መጠየቁ መልካም ነው፤ ግን ከዚያ የበለጠ የሚጠቅመው የተረኛውን ሹም ማዕረግና ስም፣ የተያዘበትን ሰዓት፣ የመርማሪውን ስም፣ የመዝገቡን ቁጥር ጽፎ መያዝ ነው። እነዚህ በእጅ ካሉ ጠበቃው በሌላ ቀን ከዜሮ አይጀምርም። ፖሊስ «ተፈልገሃልና ና» ብሎ በስልክ የሚጠራው ሰው ደግሞ መጥሪያው በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል። ሕጉ የሚያውቀው የጽሑፍ መጥሪያን ነው፤ በስልክ ብቻ የተጠራን ሰው «እምቢ ብሎ ቀረ» ማለት ያስቸግራል።

ማረፊያ ቤት

ወደ ማረፊያ ክፍል ከመግባቱ በፊት ይፈተሻል፤ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ። ቀበቶ፣ የጫማ ክር፣ ነጠላ፣ የኮፍያ ገመድ ይወሰዳል፤ ምክንያቱ ራስን ማጥፋት ነው። ገንዘብ «ጥቂት ብር» ተብሎ አይጻፍም፤ «ባለ 200 ብር 7፣ ባለ 50 ብር 3፣ ድምር 1,550 ብር» ይባላል። ስልክ በዓይነቱ፣ በቀለሙና *#06# ሲደወል በሚወጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ይመዘገባል። ቀለበት «ወርቅ» ተብሎ አይጻፍም፤ «ወርቅ የሚመስል ቢጫ ቀለበት» ይባላል። ይህ ሰውን መናቅ አይደለም፤ ጣቢያው ወርቅ መሆኑን አልመረመረም፣ በኋላ «የሰጠኋችሁ ወርቅ ነበር፣ የመለሳችሁልኝ ነሐስ ነው» የሚል ክርክር ሲነሣ ሁለቱም ወገን የሚያስረዱበት ያጣሉ። ዝርዝሩ ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ ተያዡም ተቀባዩም ይፈርሙበት።

ቀጥሎ ጤና ይጠየቃል። ሕመም አለብህ? የምትወስደው መድኃኒት አለ? ጭንቅላትህን ተመትተሃል? ጠጥተሃል? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ መጠየቁ ግን ሐሳቡን አያመጣም፣ ያለውን ያወጣል እንጂ። በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታሰረ ሰው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሁሉ የሚያሰጉ ናቸው። የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የደም ግፊት ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንድ ቀን እንኳ ማቋረጥ የለበትም፤ መድኃኒቱ ከቤት ሲመጣ ከነማሸጊያውና የሐኪሙ ወረቀት ጋር ተመዝግቦ ይያዝ፣ የተሰጠበት ሰዓትም ይጻፍ።

አረቄ ጠጥቶ የመጣ ሰው ነገር ለብቻው መነገር አለበት፤ በማረፊያ ክፍል «ይተኛ፣ ይበርድለታል» ተብሎ ሕይወት ሊያልፍ ይችላልና። ጭንቅላቱን የተመታና የውስጥ ደም የሚፈሰው ሰውም ይንገዳገዳል፣ ምላሱም ይተሳሰራል። ስኳሩ የወረደበት ሰውም እንደዚያው ነው። የአረቄ ሽታ መኖሩ ሌላ ሕመም የለም ማለት አይደለም። ሰክሯል የተባለ ሰው በጎኑ ይተኛ፤ በጀርባው ከተኛ ትውከቱ ያንቀዋል። ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀስቀስ፤ «ስምህ ማነው?» ሲባል የሚመልስ መሆኑ ይታይ። እያንኮራፋ ስለሆነ ደኅና ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ከተለመደው የተለየ ከባድ ማንኮራፋት ራሱ የአደጋ ምልክት ሊሆን ይችላል። አልነቃ ካለ፣ ከአንዱ ዐይኑ የሌላው ብሌን ከሰፋ፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል መውሰድ ነው እንጂ ንጋትን መጠበቅ አይገባም። የተፈራገጠን ሰው በሆዱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መቀመጥም ትንፋሽ ያሳጣል፤ እጁ እንደታሰረ ወዲያው በጎኑ ወይም ቁጭ ማለት አለበት።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በጣና ዙሪያ ወባ ይበረታል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያለው ታሳሪ በዚያው ዕለት መመርመር አለበት፤ ቆይቶ የተጀመረ ሕክምና ሕይወት ያስከፍላል። ምግብ ዘመድ ሲያመጣ አምጪው በተረኛው ፊት ይቀምሳል፤ ይህ የቆየ ልማድ ነው፣ ቅር አያሰኝ። የሚጎበኙት የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ መሆናቸውን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ዘርዝሮታል። ጠበቃን «ምርመራው አላለቀም» ብሎ መመለስ ከዚህ ጋር አይሄድም።

ብርበራ

ቤት የሚበረበረው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው። ያለ ትዕዛዝ የሚገባው አንድም ወንጀለኛ እየተባረረ ቤት ሲገባ ወይም ዕቃውን እዚያ ሲጥል ነው። አንድም ከ3 ዓመት በላይ ለሚያስቀጣ፣ ክስ ወይም አቤቱታ ለቀረበበት ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ በቤቱ እንዳለ ጥቆማ ደርሶ፣ ትዕዛዝ እስኪወጣ ይሰወራል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ትዕዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ከተጠቀሰው ውጭ ያለው አይያዝም።

ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው በአካሄዱ ነው። አራት ፖሊስ በአራት ክፍል ተበትኖ ሲበረብር አንዱ ታዛቢ የቱን ይመለከታል? አንድ ክፍል በአንድ ጊዜ፣ የቤቱ ባለቤትና ገለልተኛ ታዛቢ እያዩ ይፈተሽ። ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ባለበት ቦታ ፎቶ ይነሣ። ዝርዝሩ እዚያው ቤት ውስጥ ይጻፍ፤ ጣቢያ ተመልሶ በኮምፒዩተር የተጻፈና ማታ ለታዛቢ የተላከ ዝርዝር ለመከላከያ ጠበቃ ሲሳይ ነው። ባለቤቱ አልፈርምም ካለ «እንዲፈርም ተጠይቆ አልፈረመም» ተብሎ ታዛቢው ይፈርምበት። ለባለቤቱም አንድ ነገር ይታወቅ፤ መፈረም ማመን አይደለም። የማይስማሙበትን ነገር ከፊርማው በላይ በአጭሩ መጻፍ ይቻላል፦ «ይህ ቢላዋ የወጥ ቤታችን ነው» ተብሎ። ቅጂ መጠየቅም አይረሳ።

ኤግዚቢት

ኤግዚቢት ማለት ለማስረጃነት የተያዘ ዕቃ ነው። አንድ ዕቃ ማስረጃ የሚሆነው ከተገኘበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ችሎት ድረስ በማን እጅ እንደነበር ያለ ክፍተት ሲታወቅ ነው። ዕቃው ይታሸጋል። በእሽጉ ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ ምንነቱ፣ የተገኘበት ቦታና ሰዓት፣ ያገኘው ሰው ስም ይጻፋል፤ ፊርማው ግማሹ ማሸጊያው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይፈረማል። ሰው ከፍቶ መልሶ ቢያሽገው ፊርማው አይገጥምም። ለምርመራ ሲወጣና ሲመለስ የሰጠውም የተቀበለውም በሰዓቱ ይፈርማሉ።

የባሕር ዳር ክረምት ደም የነካው ልብስ ጠላት ነው። ብዙ ጊዜ ልብሱ በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ፌስታል እርጥበቱን አያስወጣም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻግታል፣ ሻጋታና ባክቴሪያም ከደሙ ሊገኝ የሚችለውን የዘረ መል ማስረጃ ይበላዋል። ልብሱ በንጹሕ ወረቀት ላይ ተዘርግቶ፣ ፀሐይና እሳት ሳይነካው፣ በጥላ ይደርቅና በወረቀት ከረጢት ይገባል። የተጠርጣሪውና የተበዳዩ ልብስ በአንድ ክፍል አይደርቅም፣ በአንድ ከረጢትም አይገባም።

ከዚሁ ጋር፣ የመደፈር ጥቃት የደረሰባት ሴት ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳታጥብ በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄድ ይበጃል፤ ከተቀየረ ልብሱን በወረቀት ይዞ መሄድ ነው። ፖሊስ ጋር ተሂዶ ደብዳቤ እስኪጻፍ ሕክምና አይዘግይ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይከላከላል። የታጠበችም፣ ቀን ያለፋትም ብትሆን መሄዷ ከንቱ አይደለም።

ስልክ ሲያዝ መነካካት አይገባም። ክፍት ከሆነ ከኔትዎርክ ማለያየት ነው፤ አለዚያ ከሩቅ ሊጠፋ ይችላል። መርማሪው «ትንሽ ልየው» ብሎ መልእክት ከከፈተ የንባብ ሰዓቱ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንዳነበበው ክርክር ነው። ጠመንጃ መጀመሪያ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ጥይቱ ተቆጥሮ ለብቻው ይታሸጋል፣ የመሣሪያው መለያ ቁጥር በንባብ ሁለት ሰው ያረጋግጠዋል። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ «ቁጥር የለውም» አይባልም፤ «የተፋቀ ምልክት አለው» ይባላል። በአፈሙዙ እርሳስ ማስገባት ፊልም ላይ ያማረ ነገር ነው፤ በውስጡ ያለውን ምልክት ያበላሻል።

ሐይቁ የራሱ ኤግዚቢት አለው። በተከለከለ መረብ የተያዘ ዓሣ ለነገ አይቆይም። መረቡ ርዝመቱና የዐይኑ ስፋት ተለክቶ ይያዛል፤ ዓሣው በዓይነት ተለይቶ፣ ተመዝኖ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በዚያው ቀን በፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲሸጥ ይጠየቅና ገንዘቡ በደረሰኝ ይቀመጣል። ተጽፎ ካልቀረ ግን ዓሣው የት እንደገባ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ መጠየቁም ተገቢ ነው።

ባጃጅ ሌላው ችግር ነው። ግቢ ውስጥ ወራት ዝናብ ሲዘንብበት ይከርማል። ሲገባ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ታርጋ፣ ባትሪ፣ ትርፍ ጎማ፣ መስተዋት፣ ቴፕ፣ የነዳጅ መጠን፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ የተጫረና የተሰበረ አካል ሁሉ ይጻፍ። ባለባጃጆች ደግሞ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ቅጂ ጋር ከባጃጁ ውጭ ያስቀምጡ። ሊብሬው ከባጃጁ ጋር ከተሰረቀ ባለቤትነትን ማሳየት ቀናት ይወስዳል።

ወረቀት

አቤቱታ በቃል ሲቀርብ ፖሊሱ ይጽፈዋል፣ መልሶ ያነባል፣ ከዚያ ቀኑ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርማሉ። «ነገሩ አይመስለኝም» ብሎ አቤቱታ አለመቀበል አይቻልም፤ ሕጉ አቤቱታው አጠራጣሪ ቢመስልም ምርመራው እንዲካሄድ ያዝዛል። ማንበብ የማይችል ሰው በጣት አሻራው ሲፈርም ያነበበለት ሰው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ የቀኝ ወይም የግራ አውራ ጣት መሆኑም እንዲሁ። ቃል በየገጹ ይፈረማል፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ የተፈረመ ሰነድ የመሃሉን ገጽ ለመቀየር ክፍት ነው። ስሕተት በነጭ ቀለም አይሸፈንም፤ የተሠረዘው እንዲነበብ በአንድ መስመር ተሰርዞ ከጎኑ አጭር ፊርማ ይደረግበታል። ባዶ የቀረ ቦታ በሰያፍ መስመር ይዘጋል።

የጽሕፈት ዕቃ ተራ ነገር ይመስላል። የአንዳንድ ጄል ብዕር ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል፤ ተራው የዘይት ቀለም ያለው ብዕር ይቆያል። የኤቲኤምና የሱቅ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በወራት ውስጥ ሊነጣ ይችላል፤ በተያዘበት ቀን ኮፒ ተደርጎ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» ይባልና አብሮ ይታሰር። የመዝገብ ቤት መደርደሪያ ከግድግዳው ጥቂት ሸሽቶ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቁም፤ ክረምት ግድግዳ ውሃ ያረግዛል፣ ምስጥም የሚወጣው ከሥር ነው። ፋይል ውሃ ከነካው ገጾቹን በጉልበት መላቀቅ ይቀዳድዳቸዋል። ንጹሕ ነጭ ወረቀት በመሃል እየገባ፣ ቶሎ ቶሎ እየተቀየረ፣ አየር ባለበት ይድረቅ፤ ሁለት ቀን ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። የታተመ ጋዜጣ ቀለሙ ስለሚያልፍ አይሆንም።

ፋይል ሲንቀሳቀስ ማን እንደወሰደው፣ ስንት ገጽ እንደነበር፣ መቼ እንደመለሰ የሚያሳይ ደብተር ይኑር። የገጽ ብዛት ካልተቆጠረ የጠፋው ገጽ መጥፋቱም አይታወቅም። ከዚህ ይልቅ አሁን አሁን የሚያሠጋው ግን ስልክ ነው። መርማሪ ለሥራ ብሎ የምስክር ቃል በግል ስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ሲልክ፣ የምስክሩ ስምና ሠፈር ለማይታወቅ ሰው ደረሰ ማለት ነው። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን መደበቅን ጨምሮ ጥበቃ የሚሰጥበትን መንገድ አስቀምጧል፤ አንድ ፎቶ ግን ያን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል።

ቀጠሮ፣ ዋስና ሌላው

ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ ወይም ጥርጣሬው ደካማ ከሆነ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል፤ ሰው «የመታወቂያ ዋስ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፖሊስ ለምርመራ የጊዜ ቀጠሮ ቢጠይቅ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ በመደበኛው ሕግ አይሰጥም። በሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ዳኛው «ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ ጠበቃው ማሳሰብ ይችላል፤ መርማሪው ሥራውን ቀን በቀን መጻፍ ያለበት ለዚህም ነው። በመደበኛው ሕግ የፍርድ ቤት ዋስትና የማይፈቀደው ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ሲያስቀጣና የተጎዳው ሰው ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው። ከዚያ ውጭም ሰውየው ይጠፋል፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይም ምስክር ያባብላል ተብሎ ከታመነ ሊከለከል ይችላል። ልዩ አዋጆች ያሏቸው ወንጀሎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ሰው 48 ሰዓት አልፎት ፍርድ ቤት ካልቀረበ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይቀርባል፤ መነሻው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 ነው። አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፋል፤ ታሳሪው መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ለምን እንዳልቻለ ገልጾ ይምልለታል። የት እንደተያዘ፣ በማን፣ መቼ የሚሉት መልሶች እዚህ ያስፈልጋሉ፤ ጣቢያ በር ላይ የተጻፈችው ማስታወሻ ዋጋዋ አሁን ይታያል።

በአስቸኳይ ጊዜ፣ በክልላችን ሐምሌ 28 ቀን 2015 እንደታወጀው ዓይነት፣ አንዳንድ መብቶች ሊታገዱ ይችላሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ግን ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በምንም ሁኔታ እንዳይነካ አድርጎታል። በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትንም ስምና የታሰሩበትን ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜውን አፈጻጸም የሚከታተለው መርማሪ ቦርድ በአንድ ወር ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዝዛል።

ዕቃ ሲመለስ

መዝገቡ ሲዘጋ ወይም ፍርድ ሲሰጥ ኤግዚቢት ምን ይሁን የሚለው ትዕዛዝ ይለይ። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ከዘጋው የመዝጊያው ደብዳቤ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ የትዕዛዙ ቅጂ ከመታወቂያና ከመጀመሪያው ዝርዝር ጋር ይቀርባል። ትዕዛዙ ስለ ዕቃው ዝም ካለ ጣቢያው በራሱ ላይመልስ ስለሚችል፣ በውሳኔው ቀን «ኤግዚቢቱስ?» ብሎ ችሎቱን መጠየቅ ሌላ ማመልከቻ ያስቀራል። ዕቃው ሲመጣ መጀመሪያ እሽጉ ይታይ፤ ከዚያ በአሮጌው ዝርዝር መስመር በመስመር ይነበብ። ስልኩ *#06# ተደውሎበት ቁጥሩ ይመሳከር፣ ብሩ ይቆጠር፣ ባጃጁ ባትሪው ተገጥሞ ይነሣ፣ የሻንሲ ቁጥሩ በእጅ ተዳስሶ ይነበብ። የጎደለ ካለ በመረከቢያው ወረቀት ላይ ከፊርማው በላይ ይጻፍ፤ «ሁሉን ተረክቤያለሁ» ከተባለ በኋላ የሚቀርብ የጎደለ ዕቃ አቤቱታ በጣም ይከብዳል።